ከጄኔቫ እስከ ቢቸና፦ የአምስቱ ዓመት ጦርነት በምሥራቅ ጐጃም

የኢጣልያ ፋሺስት መንግሥት በኢትዮጵያ ላይ ያደረገው ወረራ በአንባቢያን ዘንድ በሁለት ወገን ሲነገር ኖሯል፤ በመጻሕፍት የጄኔቫና የለንደን፣ የሮምና የፓሪስ ጉዳይ ሆኖ፣ በፉከራና በቀረርቶ ደግሞ ዱር ቤቴ ብለው የወጡ አርበኞች ገድል ሆኖ። ሁለቱም ትረካዎች እውነት ናቸው፤ ይሁን እንጂ የሚጋጠሙበት ስፍራ እምብዛም ስላልተመረመረ፣ ብዙ ሰው ጦርነቱ እንዴት እንደ ተጀመረ ቢያውቅም በአገር ቤት ስለ ምን አምስት ዓመት እንደ ቆየ፣ ካበቃም በኋላ ስለ ምን በአንዳንድ አውራጃ ልብ ለልብ መራራቅን ትቶ እንደ ሄደ አጣርቶ አይረዳውም። ከአምበር ሜዳ አንሥቶ በጮቄ ተራራ ምሥራቃዊ ትከሻ በቢቸና በኩል እስከ ሞጣ የሚዘረጋው አገር ለዚህ ምርመራ ከሌላው ይልቅ የተመቸ ነው፤ ሕዝቡ ጠላትን የተቀበለው ለወደቀው መንግሥት ብዙ ፍቅር ሳይኖረው፣ የተዋጋውም አብዛኛውን ጊዜ የውጭ ርዳታ ሳያገኝ ሲሆን፣ ከድሉ በኋላ የተመለሰውን መንግሥት ያነጋገረው በዚያው ጠመንጃና በዚያው የርስት ጥያቄ ነበርና።

የሩቁ ምክንያት

የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. በዐድዋ የደረሰባት ሽንፈት ኢጣልያን ቂመኛ እንዳደረጋት የታወቀ ነው፤ ዳሩ ግን ቂም ብቻውን ጦር አያዘምትም፤ ጦር የሚዘምተው ጐረቤትና ወዳጅ መንገዱን ሲለቁለት ነው። እንግሊዝ፣ ፈረንሳይና ኢጣልያ በ1899 ዓ.ም. ኢትዮጵያን ሳያማክሩ በተፈራረሙት የሦስትዮሽ ውል የየራሳቸውን የጥቅም ክልል ለይተው ስለ ነበር፣ አገራችን በ1916 ዓ.ም. ወደ መንግሥታት ማኅበር ስትገባ፣ በ1920 ዓ.ም. ደግሞ ከኢጣልያ ጋር የሃያ ዓመት የወዳጅነትና የዕርቅ ውል ስትዋዋል፣ አሮጌው ሐሳብ ከአዲሱ ቃል ኪዳን በታች ተዳፍኖ ይኖር ነበር። ኅዳር 26 ቀን 1927 ዓ.ም. ከሶማሊያ ወሰን ወደ ኢትዮጵያ ውስጥ ብዙ ርቆ በሚገኘው በወልወል የውኃ ጕድጓድ አጠገብ የተነሣው ግጭት የጦርነቱ ሰበብ እንጂ ምክንያቱ አልነበረም፤ ግጭቱ በሆነ በአንድ ወር ገደማ፣ ታኅሣሥ 29 ቀን 1927 ዓ.ም.፣ የፈረንሳዩ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ላቫል ከኢጣልያው መሪ ከሙሶሊኒ ጋር በሮም ተስማማ፤ ሙሶሊኒም ከዚያ ስምምነት ፈረንሳይ በኢትዮጵያ ጉዳይ እንደማትቃወመው ተረዳ።

የምዕራብ መንግሥታት ስሌት ግልጽ ነበር። በጀርመን ሂትለር ጦሩን እያሰናዳ ስለ ነበር ኢጣልያን ከጐናቸው ለማቆየት ፈለጉ፤ ለዚህም የሚከፈለው ዋጋ ኢትዮጵያ ሆነች። ከጦርነቱ በፊት ሁለቱንም ወገን እኩል የሚመለከት መስሎ የታወጀው የመሣሪያ ክልከላ በተግባር የሚከለክለው አንዱን ብቻ ነበር፤ ኢጣልያ የመድፍና የአውሮፕላን ፋብሪካ ነበራት፣ ኢትዮጵያ ግን ጥይቷን በአብዛኛው ከባሕር ማዶ ታስመጣ ነበር። መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. የኢጣልያው ጄኔራል የደ ቦኖ ጦር የመረብን ወንዝ ከተሻገረ በኋላም የመንግሥታት ማኅበር ኢጣልያን አጥቂ ብሎ ከፈረደባት ወዲያ፣ ኅዳር 8 ቀን የጀመረው ማዕቀብ ለዘመቻው ደም ሥር የነበረውን ነዳጅ ዘይት ሳይጨምር ቀረ፤ የስዌዝ ቦይም አልተዘጋም፤ የወራሪው መርከቦች መተላለፊያውን እየከፈሉ ወታደሩንና የመርዝ ጢሱን በዚያ አሳለፉ። ሙሶሊኒ ዘይት ቢከለከል ኖሮ በአጭር ጊዜ ውስጥ ከኢትዮጵያ ለመውጣት ይገደድ እንደ ነበር ቆይቶ መናገሩ በሰፊው ይጠቀሳል። ስለዚህ በጄኔቫ የጐደለው ኃይል አልነበረም፤ ኃይሉን ለደካማ አባል ሲሉ ለማውጣት የሚፈቅድ ኅሊና ነበር።

ጐጃም የዘመተበት ሁኔታ

አሁን ወደ አገር ቤት እንመለስ። የንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ልጅ ራስ ኃይሉ ጐጃምን ለብዙ ዘመን በከባድ ግብር ሲገዙ ከቆዩ በኋላ፣ ከዙፋን ወርደው የታሰሩት ልጅ ኢያሱ ከፍቼ እንዲያመልጡ ረድተዋል ተብለው በ1924 ዓ.ም. ተሽረው ታሰሩ፤ በስፍራቸውም ራስ እምሩ ኃይለ ሥላሴ ተሾሙ። ራስ እምሩ ጨዋና ለድኻ የሚያዝኑ ሰው ቢሆኑም፣ ለጐጃም መኳንንት ሹመታቸው የተክለ ሃይማኖት ቤት መውረድና የሸዋ መግባት ሆኖ ታየ። በኃይሉ ግብር የተማረረው ገበሬ እንኳ ሳይቀር፣ የውጭ ሰው ሲሾምበት ርስቱ በቀላድ ይለካል ብሎ ይሠጋ ነበር፤ ለጐጃም ባለርስት መለካት ማለት ከአባት እናቱ በትውልድ ቈጥሮ የያዘው መሬት በመንግሥት መዝገብ ወደ ጋሻ ተለውጦ፣ የተረፈው ለሌላ ይሰጣል ማለት ነበርና።

ራስ እምሩ የጐጃምን ጦር ይዘው ወደ ሽሬ የዘመቱት በዚህ ሁኔታ ነው። ገና በመንገድ ሳሉ የተክለ ሃይማኖት የልጅ ልጅ ደጃዝማች ገሠሠ በለው ከዘመቻው ተለይተው ወደ ኋላ ተመለሱና በጐጃም ሸፈቱ፤ ከዘማቹም ብዙው ተከትሏቸው ከዳ። እንዲህም ሆኖ የቀረው ጦር በታኅሣሥ 1928 ዓ.ም. ተከዜን ተሻግሮ በደምበጓና ላይ የኢጣልያን ጦር ከነታንኮቹ አሸንፎ ወደ ሽሬ ገሠገሠ፤ ከዐድዋ ወዲህ በጠላት ላይ እንዲህ ያለ ድንጋጤ አልደረሰበትም ለማለት ይቻላል። ዳሩ ግን በዚያው ወር በተከዜ ዳርቻ ከአውሮፕላን የተጣለው በርሜል ሲፈነዳ ዘማቹ እጁንና ፊቱን የሚልጥ ፈሳሽ ነካው፤ ውኃውን የጠጣውም ሰውና ከብት አለቀ። ይህ መሣሪያ በ1917 ዓ.ም. በጄኔቫ ፕሮቶኰል የተወገዘ፣ ኢጣልያም በፊርማዋ ያወገዘችው ነበር።

የዘማቹን ጦር ያፈረሰው ግን መርዙ ብቻ አይደለም። ሠራዊቱ ደመወዝም ግምጃ ቤትም ያለው ስላልነበረ እያንዳንዱ ሰው ስንቁን ከቤቱ ይዞ ይወጣል፤ ድርቆሹና በሶው ሲያልቅ፣ ጥይቱም ሲጐድል፣ በዐውደ ውጊያ ያልተሸነፈ ጦር ሳይቀር ወደ ቀየው ይበተናል። የካቲት 1928 ዓ.ም. ሊያልቅ ሲል በሽሬ የተደረገው ጦርነት በዚህ መንገድ ተፈጸመ፤ መጋቢት 22 ቀንም የማይጨው ጦርነት ተከተለ፤ ንጉሠ ነገሥቱም ተሰደዱ። ራስ እምሩ ወደ ምዕራብ ወርደው ጐሬ ላይ ከተቋቋመው መንግሥት ጋር ሆነው ሲታገሉ በ1929 ዓ.ም. ተይዘው ወደ ኢጣልያ ተጋዙ፤ ከእርሳቸውም ጋር ከዘመቱት አንዱ፣ በኋላ ዘመን ደራሲ ሆነው የታወቁት የጐጃሙ ተወላጅ ሐዲስ ዓለማየሁ፣ ያንኑ ግዞት ቀመሱ።

ጠመንጃና ጠገራ ብር

ኢጣልያ ጐጃም ስትገባ ብዙ አልተዋጋችም። የተከፋው መኳንንት ሹመት ተስፋ አደረገ፤ ገበሬውም የመጣው ገዢ ግብሩን ያቀልልኝ ይሆን ብሎ ዝም አለ። ይህ ዝምታ እንደ ፍቅር መቈጠሩ የፋሺስት አስተዳደር ታላቁ ስሕተት ነው፤ ሥልጣን በእጁ እንደ ጸና ባመነ ጊዜ ያንኑ ዝምታ ያስገኘውን ነገር ሁሉ አፈረሰው፤ በመጀመሪያም ጠመንጃ መግፈፍ ጀመረ። ለቢቸና ሰው ምንሽሩና ውጅግራው የጦር ዕቃ ብቻ አልነበረም፤ በርስት ክርክር ድምፁ፣ በሠርግና በልቅሶ ክብሩ ነበር። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በኢጣልያው እንደራሴ በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከተጣለ በኋላ በአዲስ አበባ የተፈጸመው እልቂት፣ በግንቦትም የደብረ ሊባኖስ መነኰሳት መፈጀት፣ ደግሞም ባሕታውያንና ጠንቋዮች፣ አዝማሪዎችም ሳይቀሩ ወሬ ነዢዎች ናቸው ተብለው እንዲገደሉ የተሰጠው ትእዛዝ፣ ዝም ብሎ የቆየውን ካህን ሁሉ የአርበኛ አባት አደረገው። የጐጃሙ ጳጳስ አቡነ አብርሃም ከእስክንድርያ መንበር ተለይተው በኢጣልያ ፈቃድ ሊቀ ጳጳስ መሆናቸው ለወራሪው አንዳች አልጠቀመውም፤ ሐምሌ 22 ቀን 1928 ዓ.ም. በአዲስ አበባ አደባባይ የተረሸኑት የአቡነ ጴጥሮስ ውግዘት በሕዝቡ ልብ በልጦ ተቀምጦ ነበርና።

ከ1929 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ እስከ 1930 ዓ.ም. ጐጃም ተነሣ። ደጃዝማች መንገሻ ጀምበሬ፣ ነጋሽ በዛብህና ልጅ ኃይሉ በለው በየአገራቸው ሲያዙ፣ በቢቸና በኩል ከመኳንንት ቤት ያልተወለዱት በላይ ዘለቀ ገነኑ። የበላይ ሥራ ከጀግንነቱ ባሻገር መንግሥታዊ ጥበብ ያለበት መሆኑ ብዙ ጊዜ ይዘነጋል፤ ተከታዮቻቸውን በማዕርግ ሾሙ፣ የሚያድረውን ጦር በየአጥቢያው መደቡ፣ ፍርድም ሰጡ፤ በሙጋና በሱሐ ሸለቆ፣ ከዚያም ወዲያ አባይን ተሻግሮ በወሎ ወሰን፣ ከኢጣልያ ምሽግ ውጭ ሌላ መንግሥት ቆሞ ነበር ቢባል ማጋነን አይደለም። ለርስት ቈጣሪው መኳንንት ግን ከታች ተነሥቶ ደጃዝማችነትና ራስነት የሚሰጥ ሰው ከጠላት የማይተናነስ ሥጋት መስሎ ታየ፤ ከድሉ በኋላ ለመጣው ነገር አንዱ ሥር ይህ ነው።

ውጊያው የሚመራው በወራት ነበር። በክረምት ዋልካው መኪና ስለማያሳልፍ ምሽጉ ይከበባል፤ የተከበበውም ስንቅና ጥይት ከአውሮፕላን ይወርድለታል። በዘርና በአጨዳ ጊዜ ደግሞ አርበኛው ወደ እርሻው ይመለሳል፤ በበጋ ጠላት ወጥቶ ሰብልና ቤት ያቃጥላል፤ በ1930 ዓ.ም. የተላከው ታላቅ የማረጋጊያ ዘመቻ ሁሉ ያደረገው ይህንኑ ነበር። ገበሬው ሁለት ወገን ይመግባል፤ ማታ አርበኛው በእንግድነት ይገባበታል፣ ጧት ባንዳው ማን አደረ ብሎ ይመረምረዋል። ይህንንም ከጀግንነቱ ጋር አብሮ መናገር ግድ ነው፤ ለጦርነቱ ከሁሉ የበለጠ የከፈለው በማናቸውም መዝገብ ስሙ ያልገባው ይህ ሰው ነውና።

ከሁሉ ይልቅ የምሽጉን ድካም የሚገልጠው የገንዘቡ ነገር ነው። ኢጣልያ የወረቀት ሊሬን አውጥታ የማርያ ቴሬዛን ጠገራ ብር ከገበያ ልታስወጣ ሞከረች፤ ገበሬው ግን በወረቀት እህሉን አይሸጥም፤ ብሩንም ጥይቱንም በጓሮው ይቀብራል። እንግሊዞች ይህን ስለ ተረዱ በቦምቤይ ያስመቱትን የማርያ ቴሬዛ ብር በግመል ጭነው ወደ ጐጃም አስገቡ። በሊሬ የሚከፈለው የኢጣልያ ቅጥር ወታደር፣ አስካሪው፣ እና በጠገራ ብር የሚያድረው አርበኛ አንድ ገበያ ሲወርዱ የማን እህል እንደሚገዛ የታወቀ ነበር።

የ1933 ዓ.ም. ድል

ሰኔ 3 ቀን 1932 ዓ.ም. ሙሶሊኒ በእንግሊዝና በፈረንሳይ ላይ ጦርነት ባያውጅ ኖሮ ጐጃም ምን ይሆን ነበር? አርበኛው ጠላትን ከምሽጉ እንዳይወጣ ከልክሎ ነበር፤ ምሽጉን ለመስበር የሚበቃ መድፍ ግን አልነበረውም። ጠላትም በበኩሉ መንደር ያቃጥል ነበር እንጂ አገሩን አልገዛም። ስለዚህ ሁለቱም ማሸነፍ የማይችሉበት፣ ሁለቱም መተው የማይፈቅዱበት ትግል ለብዙ ዓመት ይቀጥል እንደ ነበር ይመስለኛል፤ ከዚያ ያወጣው የዓለም ጦርነት ነው።

ይህን በማመን የእንግሊዝ ጦር ነጻ አወጣን እስከ ማለት መድረስ ግን ከእውነት ያርቃል። የንጉሠ ነገሥቱ መልእክተኛ ሎሬንሶ ታእዛዝ በ1931 ዓ.ም. በስውር ጐጃም ገብተው የአርበኞቹን ሁኔታ ለጌታቸው ያስረዱት ለንደን ገና ኢጣልያን ስታባብል በነበረችበት ጊዜ ነው። በነሐሴ 1932 ዓ.ም. የእንግሊዙ ኰሎኔል ሳንድፎርድ ከሱዳን ወሰን አልፎ ሲገባ ያገኘው ቁጥሩ የበዛ የተዋጊ ሕዝብ ነበር፤ የጐደለው ስምምነት ብቻ ነበር፤ መንገሻና ነጋሽም ያን ጊዜ ታረቁ። በካርቱም ይታተም የነበረው «ባንዲራችን» የተባለው ጋዜጣና የንጉሠ ነገሥቱ ማኅተም ያለበት ዐዋጅ ከአውሮፕላን ሲበተን አስካሪው መክዳት ጀመረ። ጥር 12 ቀን 1933 ዓ.ም. ግርማዊነታቸው በኡም ኢድላ የሱዳንን ወሰን ሲሻገሩ፣ በእንግሊዙ መኰንን በዊንጌት የሚታዘዘው የጌዴዎን ጦር ሁለት ሺህ እንኳ የማይሞላ ነበር፤ ከፊቱ የነበረው ጠላት ደግሞ ብዙ እጥፍ ነበር። ያ ጠላት ቡሬን ትቶ ወደ ደብረ ማርቆስ፣ ከዚያም ወደ አባይ ያፈገፈገው ከሁለት ሺህ ሰው ፈርቶ ሳይሆን፣ ከኋላው ያለው አገር ሁሉ አርበኛ መሆኑን ስላወቀ ነው። በሰሜን ከረን ላይ የእንግሊዙ ጄኔራል የፕላት ጦር፣ በደቡብም የጄኔራል ካኒንግሃም ጦር ያሸነፉት ወራሪው ሠራዊቱን ለጐጃምና ለሸዋ በየምሽጉ በትኖ በነበረበት ሰዓት መሆኑ በዚሁ ሚዛን ሊገባ ይገባል።

መጋቢት 28 ቀን ንጉሠ ነገሥቱ ደብረ ማርቆስ ገቡ፤ ኢጣልያ በመጨረሻ ሰዓት ጐጃምን እንዲያረጋጉ ያመጣቻቸው ራስ ኃይሉም እጃቸውን ሰጡ። በኰሎኔል ማራቬንታኖ የሚመራው የጠላት ጦር ግን ቀደም ብሎ በአምበርና በሉማሜ መንገድ ወደ ደጀን ወርዶ አባይን ተሻግሮ ነበር፤ በግንቦት በአጅባር እስኪማረክም ድረስ ሸሸ። መሻገሪያውን ሊዘጉ ይጠበቁ የነበሩት በላይ ዘለቀ ናቸው፤ አንዳንድ የእንግሊዝ መኰንኖችም ራስ ኃይሉ በጋብቻ ተስፋ አሳስተው አስቀሯቸው ብለው ጽፈዋል። ነገሩ እንዲህ ቢሆን እንኳ፣ አራት ዓመት ያለ አንዳች ደመወዝ የተዋጋን ሰው በአንድ ቀን መሻገሪያ መመዘን ፍርድን ማዛባት ነው፤ ደግሞም ጦሩ ስለ አንድ ሸለቆ ያጣው ድል በሁለት ወር ጊዜ ውስጥ ተመልሷል። ይሁን እንጂ ይህ ወሬ ወደ አዲስ አበባ ቀድሞ ገባ፣ በዚያም ተቀመጠ።

ድሉን ተከትሎ የመጣው

ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የሰንደቅ ዓላማው መሰቀል በአንድ ጊዜ ነጻነትን አላመጣም። እንግሊዝ አገሪቱን ከጠላት የተያዘ ግዛት አድርጋ ልታስተዳድር ስለ ጀመረች፣ የጥር 23 ቀን 1934 ዓ.ም. ውል ሥልጣኑን በከፊል፣ የታኅሣሥ 10 ቀን 1937 ዓ.ም. ውል ደግሞ በሰፊው መለሰው፤ ኦጋዴን ግን ለብዙ ዓመት በእንግሊዝ እጅ ቆየ። በየካቲት 1939 ዓ.ም. የፓሪስ የሰላም ውል ኢጣልያ ለኢትዮጵያ 25 ሚሊዮን ዶላር እንድትከፍል ተቈረጠባት፤ ኢትዮጵያ ግን የሞተባትን ሕዝብ ከ7 መቶ 60 ሺህ በላይ ብላ አስታውቃ ነበር። በኢትዮጵያ ላይ ስለ ተደረገው ግፍ ከኢጣልያ መኰንኖች አንድ ስንኳ በዓለም አቀፍ ፍርድ ቤት አልቆመም፤ ግራዚያኒ በገዛ አገሩ የተፈረደበት ከጀርመን ጋር ስለ ተባበረ ነው። የመርዝ ጢሱንም ኢጣልያ በይፋ ያመነችው ከስድሳ ዓመት በኋላ ነው።

በአገር ውስጥ የተመለሰው መንግሥት ሦስት ዓይነት ሰው አገኘ፦ ከስደት የመጣውን፣ ከዱር የወጣውን፣ ከጠላት ጋር ያደረውን። መዝገብ መያዝና ቢሮ መምራት የሚያውቀው አብዛኛው ከስደተኛውና ከባንዳው ወገን ስለ ነበር ለአስተዳደሩ ተመረጠ፤ አርበኛው ማዕርግና ሜዳልያ ደረሰው። ማዕከላዊ መንግሥትን ለማጽናት የቸኰለ ሁሉ ይህን ያደርግ እንደ ነበር መካድ አይቻልም፤ በየሸለቆው የራሱን ጦር የሚያዝ ሹም ባለበት ሕግ አይጸናምና። ሆኖም የተከፈለው ዋጋ እጅግ ከባድ ሆነ። ደጃዝማች በላይ ዘለቀ የቢቸና ገዥነት ተሰጥቷቸው ሳለ፣ ከእርሳቸው በታች የነበሩት ሰዎች ከበላያቸው ሲሾሙ ባዩ ጊዜ ለጠቅላይ ግዛቱ አልታዘዝም አሉ፤ በሶማ አምባ ተከበው፣ እጃቸውን ሰጥተው፣ የሞት ፍርዳቸው በእስራት ተለውጦላቸው ሳለ ከወኅኒ አምልጠው እንደ ገና ተያዙና በጥር 1937 ዓ.ም. ከራስ ኃይሉ ልጅ ከልጅ ማሞ ጋር በአዲስ አበባ ተሰቀሉ። ከኢጣልያ ጋር ያደሩት አባት ራስ ኃይሉ ግን በጥበቃ ሥር ሆነው በአልጋቸው አረፉ። ይህ ንጽጽር በጐጃም ገበሬ ልብ የጻፈውን ማንም ፋቂ አላገኘለትም፤ እኔም የበላይ እንቢታ በሕግ ፊት ጥፋት መሆኑን ሳልክድ፣ ገመዱ የመንግሥቱን ሥልጣን አጸና ብዬ ለመናገር አልደፍርም፤ ፍርሃትን አጸና፣ እምነትን ነሣ።

የዚህ ውጤት በግብሩ ላይ ታየ። በ1934 ዓ.ም. የወጣው የመሬት ግብር ዐዋጅ በጐጃም ዐመፅን ስላስነሣ፣ የ1937ቱ ዐዋጅ በጋሻ የሚከፈለውን አዲሱን መጠን በጐጃም ላይ ሳይጭን አሮጌውን ግብር ተወው፤ መንግሥት ገበሬውን ጠመንጃ ይዞ ሲያገኘው ያፈገፈገው በዚህ ብቻም አይደለም። የአርበኞቹ አለቆችም አልረጉም፤ የሕግ መወሰኛ ምክር ቤቱ ፕሬዚዳንት እስከ መሆን የደረሱት ቢትወደድ ነጋሽ በዛብህ በ1943 ዓ.ም. በሤራ ተከሰው ታሰሩ። በ1960 ዓ.ም. የእርሻ ገቢ ግብር ዐዋጅ በጠቅላይ ገዥው በደጃዝማች ፀሐዩ እንቍ ሥላሴ ዘመን ለመሥራት ሲሞከር፣ ሞጣና ቢቸና፣ ዳሞትም ጭምር፣ የግብሩ ገማች መሬቱን ሊለካ ነው ብለው ተነሡ፤ ገማቾቹንም ከቀየው መለሷቸው። መንግሥት አውሮፕላን ላከ፤ በጣልያን ዘመን ከሰማይ ቦምብ የወረደባቸው አንዳንድ መንደሮች እንደ ገና ከሰማይ ተደበደቡ። በመጨረሻ ገዥው ተነሡ፣ የተወዘፈው ግብር ተማረ፣ አዲሱም ዐዋጅ በጐጃም ሳይሠራ ቀረ።

ዐመፁ መንግሥትን ለመገልበጥ ያሰበ አልነበረም፤ ንጉሠ ነገሥቱንም በስማቸው እየጠራ የሚማልድ ብዙ ነበር። ይሁንና በ1928 ዓ.ም. ለራስ እምሩ ዘመቻ ልቡን የነፈገው፣ በ1930 ዓ.ም. ጠመንጃውን ለመስጠት እንቢ ያለው፣ በ1960 ዓ.ም.ም ገማቹን የመለሰው ሰው አንድ ሰው ነው፤ ሦስቱም ጊዜ የሚከላከለው የርስቱን አለመነካት ነበር። ኢጣልያ ይህን ሳታውቅ መጣች፤ የተመለሰው መንግሥት ግን እያወቀ በሁለት መካከል ተወጠረ፤ ዘመናዊ ግምጃ ቤት ያለ መለኪያና ያለ መዝገብ አይቆምም፣ መለኪያውም ያለ ጦር ወደ ቢቸና አይገባም። የጐጃም ባለርስት መሬት የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠርን መሬት የሕዝብ ያደረገው ዐዋጅ እስኪወጣ ድረስ ሳይለካ ቆየ።